ኢንተርንሺፕ ሲያልቅ፦ ጅማ ላይ ለሚመረቅ ሐኪም የሥራና የገንዘብ መመሪያ

ሕክምና ስትማሩ የስኳር በሽታን ከሥር እስከ ጫፉ ተምራችኋል። ስለ ሥራ ውል፣ ስለ ግብር፣ ስለ ንግድ ፈቃድ ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራችሁም። ድሮ ይህ ብዙ አይጎዳም ነበር። ጤና ሚኒስቴር ዕጣ ያወጣል፣ ክልል ይደርሳችኋል፣ ከዚያ ሻንጣ ይዞ መሄድ ነው። አሁን ያ መንገድ ሁሉንም ተመራቂ አያዳርስም። ብዙ ወጣት ሐኪም ሥራውን ራሱ ይፈልጋል፣ ደመወዙን ራሱ ይደራደራል፣ ውሉን ራሱ ይፈርማል።

አዲስ ሐኪም ካፒታል የለውም። ያለው ፊርማ ነው። ማዘዣ ላይ፣ ሪፈር ወረቀት ላይ፣ የሕመም ፈቃድ ላይ የሚያርፈው ፊርማ። ገበያውም የሚፈልገው እሱን ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ፊርማውን ያስከበረ ሐኪም በኋላ ክሊኒክም ይከፍታል፣ ስፔሻላይዝም ያደርጋል፣ ውጭም ይሄዳል። በርካሽ የሰጠው ሰው ስሙን ለማስመለስ ብዙ ይደክማል። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በዚህ ዓይን አንብቡት።

1. ከግቢ ሳትወጡ ወረቀቱን ጨርሱ

ክሊራንስ ስትዞሩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጨርሱት። ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ)፣ ስቱደንት ኮፒ፣ ኢንተርንሺፕ ማጠናቀቃችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የወጪ መጋራት ውላችሁ ቅጂ። ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማውጣት ምን ምን እንደሚያስፈልግ ሬጅስትራር ሄዳችሁ በአካል ጠይቁ። ከጓደኛ የሰማችሁት ያምናው አሠራር ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በስልክ ፎቶ ሳይሆን በስካነር አንሱና ኢሜላችሁ ላይ አስቀምጡ። ስልክ ይሰረቃል፣ ፍላሽ ይጠፋል።

አንድ ነገር ላይ በጣም ተጠንቀቁ፤ ስማችሁ። በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ፋይዳ ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርት ላይ ሌላ፣ ስቱደንት ኮፒ ላይ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ የሚገኝ ስም ሞልቷል። አንዲት ትርፍ ፊደል ዛሬ ምንም አትመስልም። ነገ ወደ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ልትሄዱ ስትሉና ሰነዳችሁ በዳታፍሎ (የሰነድ አጣሪ ድርጅት) ሲጣራ ግን ያቺው ፊደል ወራት ታስፈጃለች። አሁን ሬጅስትራሩ በእግር ርቀት ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከመቱ ወይም ከሚዛን ተነስታችሁ ለአንዲት ፊደል ጅማ መምጣት ይኖርባችኋል።

የድጋፍ ደብዳቤም አሁኑኑ ነው የሚጠየቀው። ሲኒየሮች ለሰብ ስፔሻሊቲ ይሄዳሉ፣ ይዛወራሉ፣ ፊታችሁንም ይረሳሉ። ብዙ ኢንተርን አይቶ የሚያልፍ ሰው «ጎበዝ ተማሪ ነበረች» ከማለት ያለፈ ነገር መጻፍ አይችልም። ስለዚህ ስትጠይቁ አንድ ገጽ ማስታወሻ ይዛችሁ ሂዱ። በየትኛው ወር በየትኛው ዋርድ አብራችሁ እንደሠራችሁ፣ የትኛውን ኬዝ እንደያዛችሁ፣ ሞርኒንግ (የጠዋት የኬዝ ውይይት) ላይ ምን እንዳቀረባችሁ። ያኔ ደብዳቤው ስለ እናንተ ይሆናል።

ሎግቡካችሁንም አትጣሉ። ያዋለዳችሁት፣ የሰፋችሁት፣ ያስገባችሁት የደረት ቱቦ፣ በማን ቁጥጥር እንደሆነ ጭምር ይመዝገብ። የታካሚ ስም ግን አይግባበት።

የጅማ ልጆች ሲቪያቸው ላይ ሳይጽፉት የሚቀር ትልቅ ነገር አለ። ይህ ትምህርት ቤት በ1970ዎቹ አጋማሽ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሲጀምር ጀምሮ ተማሪውን ወደ ማኅበረሰቡ እየላከ ነው ያስተማረው። ለሲቢቲፒ (ማኅበረሰብ ተኮር የሥልጠና ፕሮግራም) ቤት ለቤት ዞራችሁ መረጃ ሰብስባችኋል። ለቲቲፒ (የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም) አጋሮ ወይም አሰንዳቦ ወይም ሸቤ ጤና ጣቢያ ገብታችሁ ከነርስ፣ ከላብራቶሪና ከፋርማሲ ተማሪ ጋር በአንድ ቡድን ሠርታችኋል። ዕቅድ አውጥታችሁ፣ በጀት ይዛችሁ፣ ሪፖርት አቅርባችኋል። መያድ ወይም የሕዝብ ጤና ፕሮጀክት የሚቀጥር ሰው የሚፈልገው በትክክል ይህንን ነው። «ማኅበረሰብ ተኮር ሥልጠና ወስጃለሁ» ብላችሁ አትለፉት። የት፣ ስንት ሆናችሁ፣ ምን ችግር አግኝታችሁ፣ ምን እንደተለወጠ በሦስት መስመር ጻፉት።

2. ፈተናውና ላይሰንሱ

የብቃት ምዘናው ሳይታለፍ የሥራ ፈቃድ (ላይሰንስ) የለም። ሥራ እየፈለጉ ጎን ለጎን ማጥናት ከባድ ስለሆነ፣ የሚቻል ከሆነ ፈተናውን አስቀድሙ። ላይሰንሱ ሲወጣ የሚታደስበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ለማደስ የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ ይጠየቃል። ዕውቅና ያለው ሥልጠና በወሰዳችሁ ቁጥር ሰርተፍኬቱን አንድ ፋይል ውስጥ አኑሩ። በመጨረሻው ወር ነጥብ ለመሰብሰብ መሯሯጥ ለገንዘብም ለጭንቅላትም አይጠቅምም።

3. የት ልሥራ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው የሚመልሰው በደመወዝ ነው። እኔ ሌላ ጥያቄ አስቀድማለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ምን መሥራት የምትችሉ ሐኪም ትሆናላችሁ?

በአገራችን አደረጃጀት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ፣ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ነው የታሰበው። የወረዳ ሆስፒታል የገባ ጠቅላላ ሐኪም ሁሉንም ያያል። ጠዋት ኦፒዲ (ተመላላሽ ክፍል)፣ ከሰዓት ዋርድ፣ ማታ ድንገተኛ። ወሊድ፣ ወባ፣ ከባድ የምግብ እጥረት ያለበት ሕፃን፣ የመኪና አደጋ። የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ኦፊሰር (ቀዶ ሕክምና እንዲሠራ የሠለጠነ፣ ዶክተር ያልሆነ ባለሙያ) ካለ ደግሞ አጠገቡ ቁሙና ተማሩ። ጅማም እነዚህን ኦፊሰሮች በማስተርስ ካሠለጠኑት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። «እኔ ዶክተር ነኝ» የሚል ኩራት ብዙ ወጣት ሐኪሞችን ይህን ትምህርት አሳጥቷቸዋል። ያሳዝናል።

ከተማ ያለ የግል ሆስፒታል ቶሎ ይከፍላል። ኔትወርክ አለ፣ ኢንተርኔት አለ፣ ለፈተና ማጥናት ይመቻል። ጉዳቱ ውሳኔው ብዙ ጊዜ የስፔሻሊስቱ ስለሆነ እናንተ ካርድ ጸሐፊ ሆናችሁ ልትቀሩ ትችላላችሁ። ከመግባታችሁ በፊት እዚያ የሚሠራ ጂፒ (ጠቅላላ ሐኪም) ፈልጉና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ «ባለፈው ሳምንት ብቻህን የወሰንከው ከባድ ኬዝ ምን ነበር?» መልስ ካጣ ቦታውን ዐወቃችሁት።

ዩኒቨርሲቲ በረዳት መምህርነት መግባት ለስፔሻሊቲ በር ሊከፍት ይችላል። ስፖንሰርሺፕ ግን የአገልግሎት ግዴታ አለው። ስንት ዓመት እንደሆነና ብታፈርሱት ምን ያህል እንደምትከፍሉ በጽሑፍ ሳታዩ አትፈርሙ።

ቋንቋውስ? ጅማና ዙሪያዋ የምትሠሩ ከሆነ አፋን ኦሮሞ ሳይችሉ መሥራት ግማሽ ሐኪም መሆን ነው። የክልሉ የሥራ ማስታወቂያም፣ ደብዳቤውም፣ ሪፖርቱም በዚሁ ቋንቋ ነው። ስድስት ዓመት እዚህ ኖሮ «ኤሳቱ ሲ ዹኩባ?» (የት ነው የሚያምህ?) ከማለት ያላለፈ ተማሪ ብዙ ነው። ጥያቄውን ይችላል፣ መልሱ ሲመጣ ግን ነርሷን ይጠራል። እናትየዋ ስለ ማኅፀን ደሟ ልትናገር የነበረውን በሦስተኛ ሰው ፊት ትውጠዋለች። ሂስትሪው (የሕመሙ ታሪክ) እዚያው ይበላሻል። በኢንተርንሺፕ ዓመት በቀን አምስት ዓረፍተ ነገር ብትይዙ በቂ ነው። ከካርድ ክፍል ሠራተኛዋና ከጥበቃው ጋር የሚደረግ ወሬ ከማንኛውም ኮርስ ይበልጣል።

4. ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት

የግል ተቋም ከሆነ የሚገዛችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ሕጉ ሌላ ነው። የሥራ መሪ ተብላችሁ፣ ለምሳሌ ሜዲካል ዳይሬክተር ሆናችሁ ከተቀጠራችሁ ደግሞ ይህ ዐዋጅ ላይሸፍናችሁ ይችላል። አዲስ ምሩቅን በአንድ ጊዜ «ዳይሬክተር» የሚያደርግ ተቋም ሲገጥማችሁ ስለ ማዕረጉ ከመደሰታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

ከዐዋጁ በቃላችሁ ልታውቁት የሚገባው ትንሽ ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ሲሆን በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በእጥፍ፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ በድምሩ 120 ቀን። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር በጽሑፍ ሊሰጣችሁ ይገባል።

አሁን ወረቀቱን አንሱና ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ብዙ ውል ላይ «ሐኪሙ ተቋሙ የሚሰጠውን ሌሎች ተጨማሪ ሥራዎች ያከናውናል» የምትል መስመር አለች። ከታች ተሸጉጣ ነው የምትገኘው። በዚች መስመር አማካይነት የዲዩቲ (የተረኝነት ሥራ) ብዛት ሳይገደብ ይቀራል። አጠገቧ በእስክሪብቶ «በወር ከዚህ ያህል ዲዩቲ የማይበልጥ» ብላችሁ ቁጥሩን አስገቡና ሁለታችሁም ፈርሙበት። አሠሪው እንቢ ካለ ስለ ቦታው አንድ ነገር ዐወቃችሁ ማለት ነው። «ውሉ ከመጠናቀቁ በፊት ከለቀቀ ይህን ያህል ብር ይከፍላል» የሚል ካለም ቁጥሩን ከደመወዛችሁ ጋር አስተያዩ።

ስለ ደመወዝ ሲነገራችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ «ኔት ነው ግሮስ?» ይሁን። ግሮሱ (ምንም ሳይቆረጥ) 20,000 ብር ነው እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ዐዋጅ መሠረት እስከ 2,000 ብር ያለው ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ ከ15 በመቶ ጀምሮ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። አቋራጭ ስሌት አለው። 20,000 ሲባዛ በ35 በመቶ 7,000 ይሆናል። ከሱ 2,050 ቀንሱ (የታችኞቹ እርከኖች ዝቅተኛ መጣኔ ማካካሻ ነው)፤ ግብሩ 4,950 ብር ነው። የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ 1,400 ብር። እጃችሁ የሚገባው 13,650 ብር ነው። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ለጡረታችሁ ያስገባል። ማስገባቱን አረጋግጡ። «ግማሹን በፔሮል፣ ግማሹን በእጅ እንስጥህ» የሚል ሲመጣ ዛሬ ትንሽ ታተርፋላችሁ፤ ነገ ግን ጡረታችሁም፣ የሥራ ስንብት ክፍያችሁም፣ ለባንክ ብድር የምታቀርቡት የደመወዝ ማስረጃም በዚያው ልክ ያንሳል።

5. ዲዩቲና ፓርት ታይም

መጀመሪያ የሰዓት ዋጋችሁን ዕወቁ። አንድ ክሊኒክ ለ24 ሰዓት ዲዩቲ 2,500 ብር ሰጣችሁ እንበል። በሰዓት ከ104 ብር ትንሽ ይበልጣል። ከዚያ ላይ ትራንስፖርቱንና በማግሥቱ በእንቅልፍ የሚጠፋውን ቀን ቀንሱ። ያ ቀን ለሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ፈተና ማጥኛ ሊሆን ይችል ነበር። አሁንም አዋጭ ከሆነ ሥሩ። እኔ ለመጀመሪያው ዓመት የምመክረው አንድ ዋና ሥራ፣ አንድ ፓርት ታይም ብቻ ነው። ሦስት ቦታ የሚሮጥ ሐኪም የትኛውም ቦታ ያለ ታካሚ ተመልሶ ሲመጣ አያገኘውም። የራሱን ሕክምና ውጤት የማያይ ሐኪም ደግሞ አይማርም።

የመንግሥት ተቀጣሪ ሆናችሁ ውጭ ስትሠሩ የሆስፒታላችሁን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። ሁለት ቦታ ደመወዝ ካላችሁ ግብሩ እንዴት እንደሚያዝ የሁለቱንም ሒሳብ ሠራተኛ ጠይቁ።

ኮሚሽን የሚባል ነገርም ይመጣል። ላብራቶሪ፣ ኢሜጂንግ፣ ፋርማሲ፤ «ለላካችሁት ሰው ከመቶ ይህን ያህል» ይላል። አትንኩት። ማንም ሳይሰማው የሚቀር ይመስላል። ታካሚው ግን ከሊሙ ወይም ከጌራ ድረስ የመጣው ቡናውን ሸጦ ነው። ያላስፈለገው ሲቲ ስካን የልጁን የትምህርት ቤት ወጪ ይበላል። ከተማዋም ትንሽ ናት፣ ወሬ ፈጣን ነው።

6. ላይሰንስ አይከራይም

ይህን ለብቻው ያነሳሁት ብዙ ወጣት ሐኪም የሚወድቅበት ስለሆነ ነው። አንድ ቀን ስልክ ይደወላል። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ በአክብሮት ነው የሚያናግራችሁ። «ዶክተር፣ እርስዎ መምጣት እንኳ አይጠበቅብዎትም። ላይሰንስዎን ብቻ ይስጡን፣ ወር በገባ ቁጥር ሒሳብዎ ላይ እናስገባለን።» ክሊኒኩ ፈቃድ ለማውጣት ወይም ለማሳደስ የሐኪም ስም ያስፈልገዋል። ሥራውን የሚሠራው ሌላ ሰው ነው።

ሥራ ላጣ ተመራቂ ይህ የማይታመን ዕድል ይመስላል። ተቀምጦ የሚገኝ ገንዘብ። እስቲ ግን ወደ ታች ተከተሉት። ማታ አንዲት እርጉዝ ሴት ትመጣለች። ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል፤ የሚያያት ግን ሐኪም አይደለም። መድኃኒት ሰጥቶ ይሸኛታል። ቤቷ ስትንቀጠቀጥ ታድራለች። ቤተሰቡ ሲከስስ፣ መርማሪው ወይም የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፋይሉን ሲከፍት፣ በኃላፊነት የተመዘገበው ሐኪም ማን ነው? እናንተ ናችሁ። ታካሚዋን አላየኋትም ማለት አያድንም። አለማየታችሁ ራሱ ነው ጥፋቱ።

«አውቀዋለሁ፣ ዘመዴ ነው» ተብሎም አይሰጥም። ዘመድ ከሆነ ሄዳችሁ ሥሩለት። ሰዓታችሁ በውሉ ላይ ይጻፍ፣ ካርዱ ላይ ፊርማችሁ ይኑር። ከሥራ ስትለቁም ስማችሁ ከተቋሙ ፈቃድ ላይ እንዲነሣ ለተቋሙም ለተቆጣጣሪው ጽሕፈት ቤትም በደብዳቤ አሳውቁ። ማኅተም የተደረገበትን ቅጂ ያዙ። ከለቀቁ በኋላ ስማቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቀረ ሐኪሞች አሉ።

የሙያ ኃላፊነት መድን የሚሸጡ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች አሉ። ጠይቃችሁ ዋጋውን ዕወቁ። ከመድን በላይ የሚያድነው ግን በደንብ የተጻፈ ካርድ ነው። ሰዓት፣ የታየው ነገር፣ የተሰጠው ምክር፣ «ሪፈር ተነግሮት እንቢ ብሏል» ከሆነም ከነምስክሩ።

7. የመጀመሪያው ደመወዝ

ቤተሰብ ሰባት ዓመት ጠብቋል። ታናሽ ወንድም ይማራል፣ እናት ቤት ማደስ ትፈልጋለች፣ መንደሩ ሁሉ «ዶክተር» ይላል። ይህን መሸሽ አይቻልም፤ መሸሽም አይገባም። መፍትሔው በየወሩ የምትልኩትን ቁርጥ አድርጎ መወሰንና ለቤተሰብ በግልጽ መንገር ነው። ቁርጥ ያለ ትንሽ ገንዘብ፣ አንዳንዴ ከሚላክ ትልቅ ገንዘብ ይልቅ ለቤት ይጠቅማል።

ከዚያ የሦስት ወር ወጪ እስኪሞላ ድረስ ለብቻው በሌላ ባንክ አስቀምጡ። ይህ ገንዘብ መጥፎ ሥራን «በቃኝ» ለማለት የሚያስችላችሁ ነው። ላይሰንስ የሚያከራዩት አብዛኞቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የወር ኪራይ ያጠራቸው ናቸው። ዕቁብ ጥሩ ነው፣ በተለይ የሥራ ባልደረቦች የሚጥሉት። ያስገድዳል፣ አይሰረዝም። ብቻ ቀድሞ የወጣ ዕጣ ብድር መሆኑን አትርሱ።

መኪና በብድር? በመጀመሪያው ዓመት አይሆንም።

8. ስፔሻሊቲ ወይስ ውጭ

ሬዚደንሲ በአገር አቀፍ ፈተናና በምደባ ነው። እንደ ዘርፉ ሦስት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ዓመት ይወስዳል። ምርጫችሁን ስትሞሉ የሚወዱትን ሥራ ከመውደድ ባሻገር የሚሠራበትን መሣሪያ አስቡ። ራዲዮሎጂ ያለ ማሽን፣ ኦርቶፔዲክስ ያለ ሲ-አርም (በቀዶ ሕክምና ወቅት የሚሠራ ኤክስሬይ)፣ ፓቶሎጂ ያለ ላብራቶሪ አይሠራም። የውስጥ ደዌ፣ ሕፃናትና ማኅፀን ሐኪም ግን ቦንጋም ሆነ በደሌ ቢሄድ በማግሥቱ ሥራ ይጀምራል።

ውጭ የምታስቡ ከሆነ መንገዱን አንድ አድርጉ። በአሜሪካው የሐኪም ፈቃድ ፈተና (ዩኤስኤምኤልኢ) ስቴፕ 1 ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውጤቱ አልፏል ወይም አላለፈም ብቻ ሆኗል። ስለዚህ ክብደቱ ወደ ስቴፕ 2 ዞሯል። ለኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፍኬት (ውጭ የተማረ ሐኪም አሜሪካ ሬዚደንሲ ለመግባት የሚጠየቀው) የሚያስፈልጉትን ፈተናዎች በሰባት ዓመት ውስጥ መጨረስ ስላለባችሁ አንዱን አልፋችሁ ሌላውን ለዓመታት አታሳድሩ። እንግሊዝ ፕላብ የሚባል የሐኪም ፈተና አለው፣ የባሕረ ሰላጤ አገሮች ደግሞ ፕሮሜትሪክ የሚባል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በብር ቆጥቦ ለፈተና መድረስ ስለከበደ ከመመዝገባችሁ በፊት ማን እንደሚከፍልላችሁ ቁርጡን ዕወቁ። ሁሉንም በር በአንዴ ማንኳኳት ገንዘብም ዓመታትም ይበላል።

9. ክሊኒክ መክፈት

ጠቅላላ ሐኪም ብዙ ጊዜ የሚያስበው መካከለኛ ክሊኒክን ነው። ቢያንስ ሁለት ዓመት ሠርታችሁ፣ በአንድ ሰፈር ስማችሁ ታውቆ ቢሆን ይሻላል። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ገበያውን ዕዩ። መርካቶ፣ አጂፕ፣ ኮቺ፣ የምታስቡት ሰፈር የትም ይሁን፣ ቤቱ ፊት ለፊት ካለ ቡና ቤት ተቀምጣችሁ በተራ ቀንም በሐሙስ ገበያም ማን እንደሚያልፍ ቁጠሩ። ሐሙስ ከገጠር የሚገባው ሰው በጠዋት ገበያውን ጨርሶ ከሰዓት ነው ሐኪም ቤት የሚያስበው፤ የመጨረሻው መኪና ሳያመልጠውም መመለስ አለበት። የላብራቶሪ ውጤት በሁለት ሰዓት ካልደረሰለት አይመጣም። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርድ ያለው ደግሞ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መንግሥት ጤና ጣቢያ ነው። እናንተ ጋ ከኪሱ ከፍሎ የሚመጣው ሰልፍ ሲረዝም፣ ሲመሽ ወይም እሑድ ሲሆን ነው። ስለዚህ የምትሸጡት ፍጥነትና ሰዓት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቢሮ ሰዓት የሚከፈት ክሊኒክ ከጤና ጣቢያ ጋር ይጋጫል።

ቤት ከመከራየታችሁ በፊት የደረጃውን መሥፈርት ከጤና ተቆጣጣሪው ጽሕፈት ቤት ውሰዱ። የክፍል ብዛትና ስፋት፣ ውኃ፣ መጸዳጃ፣ የቆሻሻ አወጋገድ፣ የባለሙያ ብዛት ሁሉ ተጽፏል። ሜትር ይዛችሁ ቤቱን ለኩ። ኪራይ ውሉ ላይ «የብቃት ማረጋገጫ በቤቱ ምክንያት ካልተገኘ ውሉ ይፈርሳል፣ ቅድመ ክፍያውም ይመለሳል» የሚል አንቀጽ አስገቡ። የስድስት ወር ኪራይ ከፍሎ በአንድ ጠባብ ክፍል ምክንያት ፈቃድ መከልከል ያስለቅሳል። የብቃት ማረጋገጫው ሲገኝ ወደ ንግድ ፈቃዱ ይኬዳል።

ብቻችሁን ከሆናችሁ የ2013ቱ የንግድ ሕግ ባለ አንድ ሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ፈቅዷል። ዝቅተኛው ካፒታል 15,000 ብር ነው። የክሊኒኩ ዕዳ የቤታችሁን ዕቃ እንዳይነካ ይረዳል። በምትኩ የሒሳብ መዝገብ መያዝና ከትርፉ 30 በመቶ ግብር መክፈል አለ። የሕክምና አገልግሎት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነው። ከጓደኛ ጋር ከሆነ ደግሞ ማን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ አንዱ ለሬዚደንሲ ቢያልፍ ድርሻው በምን ዋጋ እንደሚሸጥ ጻፉ። አብሮ ያደረ ጓደኛ ነው ብላችሁ አትተዉት። የምታጡት ጓደኛውንም ጭምር ይሆናል።

መሣሪያ ስትገዙ ከማሽኑ ዋጋ ይልቅ የሪኤጀንቱን (የመመርመሪያ ኬሚካሉን) ዋጋ ጠይቁ። አንዳንድ የሲቢሲ (የደም ሕዋስ ቆጠራ) ማሽን ከሻጩ በቀር የሌላ ሪኤጀንት አይቀበልም። ሲበላሽ ጠጋኙ የት ነው? አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስኪመጣ ላብራቶሪው ይዘጋል። መብራት ሲጠፋ ማይክሮስኮፑንና ፍሪጁን የሚይዝ ነገርም በበጀቱ ይግባ።

ከሁሉ በላይ ወቅቱን አትርሱ። ጅማ ላይ ገንዘብ የሚንቀሳቀሰው በቡና ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቀይ ቡና ሲለቀም ሰው ኪሱ ብር ይገባል፤ ሲያቆየው የነበረውን ሕመም ሁሉ ይዞ ይመጣል። ወባም ከክረምት በኋላ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይበረታል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ታካሚው አለ፣ ገንዘቡ የለም። ዱቤ ይበዛል። ስለዚህ ፈቃዱንና ኢንስፔክሽኑን በክረምት ጨርሱና መስከረም ላይ ክፈቱ። እስከ ጥር የሚገባውን አንድ አራተኛ ለቀጣዩ ክረምት ኪራይና ደመወዝ አስቀምጡ። ዱቤ የሚሰጠው ለማን፣ እስከ ስንት ብር እንደሆነ እናንተ ወስኑ እንጂ ለካሸሯ አትተዉት።

በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍልና የሸነን ጊቤ ሆስፒታል ተረኛ የሚገኝበትን ስልክ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ታካሚ ከመላካችሁ በፊት ደውሉ። ሪፈር ወረቀቱ ላይ የሰጣችሁትን መድኃኒት ከነሰዓቱ፣ ከሥሩም የራሳችሁን ስልክ ጻፉ።